ከመጮኹ በፊት ምን ነበር?

ወለተሩፋኤል ያን ቅዳሜ ያደረግኩትን ታውቅ ነበር? ሰባት ዓመት ሙሉ ራሴን ስጠይቅ ኖሬ መልስ አላገኘሁም። እሷን መጠየቅ ይቻላል። ዛሬም በሕይወት አለች፤ ቤቷም እኔ ከምኖርበት ከግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ አይርቅም። በየበዓሉ እሄዳለሁ። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ዶሮዎቿ፣ ስለ ጎረቤቶቿ እጠይቃታለሁ። ይህን አንዱን ግን ሳልጠይቃት ተመርቄ እመለሳለሁ።

ጎንደር ውስጥ፣ ከአራዳ ቁልቁል ወደ አዲስ ዓለም ሲወረድ፣ ከአሊ ወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ ባለ አንድ ክፍል ቤት አለች። የወለተሩፋኤል ቤት ያች ናት። ትውልዷ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን አካባቢ ነው። ባሏ በጣሊያን ጊዜ ዱር እንደ ገባ ቀረ። ልጅ አልወለደችም። ስንደዶ ገዝታ፣ ቀለም ነክራ፣ ሰፌድና ሌማት እየሰፋች ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ታወጣለች። ስፌቷ ከመጥበቁ የተነሳ የሰፈሩ ሴቶች «የወለቴ ሰፌድ ውሃ ይቋጥራል» ይላሉ።

ለስላሳ ሴት አልነበረችም። ቦኖ ላይ ተራዋን የቀማቻትን ሴት፣ እንስራዋን እንዳዘለች እስከ ደጃፏ ተከትላ ስትሰድባት ሰምቻለሁ። በላምባ ስስታም ነበረች። እኔ ደግሞ ማታ ካላነበብኩ ቀኑ ያለቀ የማይመስለኝ ልጅ ስለ ነበርኩ፣ ከሷ ጋር የምንጣላው በኩራዙ ነበር። ከኮሶዬ ለትምህርት ስመጣ ያስጠጋችኝ የአባቴ የአክስት ልጅ በመሆኗ ነው። በኩራዝ ካልሆነ በቀር በምንም አስቀይማኝ አታውቅም።

በ1949 ዓ.ም.፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ አባቴ አያ ዳኛው ታናሽ ወንድሜን አላምረውን ይዞ መጣ። አላምረው ሰባት ዓመቱ ነበር። ከራሱ አመንጭቶ አንድ ቃል አይናገርም፤ የነገሩትን ግን መልሶ ይናገራል። የሰው ፊት አያይም። ጠጠር ካገኘ ጠጠር፣ ባቄላ ካገኘ ባቄላ በረድፍ ሲደረድር ይውላል። አንዳንዴ ምን እንደ ነካው ሳይታወቅ ይጮኻል፣ የእጁን አንጓ ይነክሳል፣ ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። እናታችን ከሞተች ወዲህ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። ከቤታችን እስከ ገደሉ አፋፍ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ስለዚህ አባቴ አዝመራ ሲሆን በገመድ ያስረው ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ያለው ዘዴ እሱ ብቻ ስለ ነበር ነው።

ያን ዕለትም ገመዱ በቁርጭምጭሚቱ ላይ ነበር።

«እጅ ንሳ እንጂ» አለው አባቴ።

«እጅ ንሳ እንጂ» አለ አላምረው፣ ግድግዳውን እያየ።

«ይኸው ነው ነገሩ፣ እታለሜ። ጎረቤቱ ሁሉ ተለክፎ ነው ይለኛል። ጠበል ወስጄ ላስቀምጠው ነው። እስኪለቀው እዚያው ታስሮ ይሰንብት።»

ወለተሩፋኤል ጎንበስ ብላ ገመዱን ፈታችና ለአባቴ አቀበለችው። «ይኼ ለአህያህ ይሁን፣ አያ ዳኛው። ልጁን እስከ ጥምቀት ለኔ ተወው። እስከ ጥምቀት ካልረጋ የወደድከውን አድርግ፤ አልናገርህም።»

አባቴ ብዙ ካሰበ በኋላ እሺ አለ። ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ መጥቶ እንደሚያየው ተስማሙ።

ከዚያ በኋላ ስታደርግ ያየሁት ነገር ያኔ እብደት መስሎኝ ነበር። ልጁን አልጠራችውም፣ አልያዘችውም፣ ወደዚህ እየኝ አላለችውም። ከጎኑ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቃ፣ እሱ ወደሚያይበት እያየች ተቀመጠች። እሱ ከተዘፈዘፈው ስንደዶ እየመዘዘ መሬቱ ላይ መደርደር ጀመረ። ስንደዶው እንጀራዋ ነውና ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷም አንድ መዝዛ ከረድፉ ጫፍ አስቀመጠች። እሱ አነሳና ወረወረው። ሌላ አስቀመጠች። ያንንም ወረወረው። እንዲህ ሲሆን ሰባት ቀን አለፈ።

በስምንተኛው ቀን አላምረው አንድ ስንደዶ አስቀመጠ፤ የአንድ ስንደዶ ቦታ ዘለለና ቀጥሎ ሌላ አስቀመጠ። ከዚያ እጁን ሰብስቦ ጠበቀ። ወደ እሷ ግን አላየም። ወለተሩፋኤል ቁመቱ የሚስማማ ስንደዶ መርጣ ክፍቱ ቦታ ላይ አስገባችው።

«አየኸው፣ የሻው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምኑን?» አልኳት። መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር።

ልጁ በጮኸ ቁጥር የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ከመጮኹ በፊት ምን ነበር?» ማን አስቀየመው አትልም፣ ምን ሆነ አትልም። ራሱን የሚያጋጭበት ግድግዳ ላይ የተጠቀለለ ጋቢ ታስደግፋለች፣ ከጎኑ ቁጭ ትላለች፣ እስኪበርድለት በዝግታ ትተነፍሳለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ትጠይቀኛለች። እኔ ብዙ ጊዜ «ምንም» እላታለሁ። አንድ ቀን ተናደደችብኝ።

«ምንም የሚባል ነገር የለም። ዓይን አለህ አይደል? መጽሐፉን የምታይበት ዓይን ልጁን ለማየት ምነው ታወረ?»

ማንበብና መጻፍ አታውቅም። ነገር ግን አላምረው በመጣ በሳምንቱ አንድ ሰፌድ ጀመረች፤ ለገበያ አልነበረም። ማታ ማታ ያን ቀን ልጁ የጮኸውን ያህል በቀለም ትሰፋበታለች። ወፍጮው ሲነሳ ከጮኸ ቀይ። እርጥብ ልብስ ነክቶት ከጮኸ ጥቁር። ሰው በዝቶበት ከሆነ አረንጓዴ። ከመጮኹ በፊት ምን እንደ ነበር ያልታወቀ እንደሆነ ወይን ጠጅ። የሰፌዱ መካከል ወይን ጠጅ በወይን ጠጅ ነበር። ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ወይን ጠጁ እየቀነሰ ቀይና ጥቁሩ በዛ። ኅዳር ላይ ደግሞ ቀይና ጥቁሩም እየሳሳ፣ ቀለም ያልነካው ስንደዶ እየበዛ መጣ። ምክንያቱ ከታወቀ ወዲያ መላ ታበጅለት ነበር። ልብሱን ፀሐይ ላይ አሙቃ ታለብሰዋለች። እንግዳ ሲመጣ አስቀድማ ታወጣዋለች። ለወፍጮው ደግሞ አሊ ዘንድ ሄደች።

አሊ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሶ የሚውል።

«አሊ፣ ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት ግድግዳዬን ሦስት ጊዜ ምታልኝ» አለችው።

«ምነው፣ እትዬ ወለቴ? ለሠላሳ ዓመት ጎረቤት ሽማግሌ ልላክ ነው እንዴ?»

«ምታልኝ አልኩህ።»

«እሺ፣ እመታለሁ። ለምቱ ግን አንድ ሰፌድ ትሰፊልኛለሽ።»

«ወሬህን የሚችል ሰፌድ አልሰፋሁም።»

መታላት። ጠዋት ሁለት ሰዓትና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል፣ ግድግዳው ሦስት ጊዜ ይንኳኳል። ወለተሩፋኤል «ወፍጮው ሊነሳ ነው» ትልና የራሷን ጆሮ በእጇ ትይዛለች። አላምረው መጀመሪያ ቃሏን ብቻ ይደግም ነበር። ታኅሣሥ ላይ ጆሮውንም መያዝ ጀመረ። ወፍጮው ይነሳል፤ እሱ ጆሮውን እንደ ያዘ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ዝም ይላል። አሊ ይህን በበሩ ቀዳዳ አይቶ፣ «የኔም ልጆች እንዲህ ቢሰሙኝ» አለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስንደዶ ስታርስ ሳለች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ታየች የምትባል ታናሽ እህቴ እንዲህ ነበረች» አለችኝ። «ገመዷን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ገበያ ስንወርድ ልጆች ይስቁብናል። አንድ ቀን አፍሬ ገመዱን ለቀቅኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አልተገኘችም። እስቲ ውሃውን አቀብለኝ፣ ይኼ ደረቀብኝ።»

ዳግመኛ ስለ ታየች አላነሳችም።

እኔም አፍር ነበር። ቦኖ ላይ አላምረው የሰማውን ሲደግም ያዩት የትምህርት ቤት ጓደኞቼ «የበቀቀኑ ወንድም» አሉኝ። ስሙ ክፍል ውስጥ ድረስ ተከተለኝ። ይህ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። ግን ማታ ኩራዙ ሲርገበገብ ግድግዳው ላይ የሚጨፍረው ጥላ ልጁን ይረብሸዋል። ይህንንም የደረሰችበት እሷ ናት፤ በሰፌዱ ላይ ቢጫ ሆኖ ተሰፍቷል። መላውም ቀላል ነበር፤ «ኩራዙን አጥፋ፣ የሻው።» በዓመቱ መጨረሻ የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና ይጠብቀኛል። ከትምህርት ቤት የተዋስኳቸው መጻሕፍት አልጋዬ ሥር ተቆልለዋል። ፒያሳ ሄጄ ከመንገድ መብራት ሥር ቆሜ ለማንበብ ሞከርኩ፤ ብርዱ አባረረኝ። ጨለማ ውስጥ ተጋድሜ የወንድሜን ማጉረምረም እየሰማሁ ጥምቀት እስኪያልፍ ቀን እቆጥር ነበር።

ጥምቀት አለፈ። ቅዳሜ መጣ።

አባቴ ሁልጊዜ የሚደርሰው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ወለተሩፋኤል ሌማቶቿን ይዛ ገበያ ወጣች። «ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እመለሳለሁ። አንተ ከጎኑ ቁጭ በል እንጂ ምንም አታድርግ» አለችኝ። አባቴ ግን ያን ቀን በሌሊት ተነስቶ ኖሮ አራት ሰዓት ላይ ደረሰ።

አላምረው ከበሩ እስከ ምሰሶው ድረስ ስንደዶ ደርድሮ ነበር፤ ከረጅሙ ወደ አጭሩ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይዛነፍ። አባቴ በሩ ላይ ቆመ። ልጁ ቀና ሳይል አንዱን ስንደዶ አስተካከለ። በለሆሳስ ያንጎራጉር ነበር። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይህ የኔ ልጅ ነው?» አለ። «ሸጋ ሆኗል፣ የሻው። ረግቷል እኮ። እዚሁ ይደግ እንግዲህ። እናትህ ይህን ሳታይ።»

ዓይኑ እንባ ሞላና፣ እንዳላየው፣ ያመጣልንን ገብስ ከአህያው ላይ አወርዳለሁ ብሎ ወጣ።

«እዚሁ ይደግ» ያለው ቃል ነው ያበላሸኝ። እዚሁ ማለት ለዓመታት ማለት ነበር። ተነሳሁ። በቀኝ እግሬ ረድፉን ከመሐሉ ገፋሁት፤ ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በተንኩት። ለምን እንደማደርገው አውቅ ነበር። ሳላስበው ነው ብዬ ራሴን የማታለል መብት የለኝም።

አላምረው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ብሎ መሬቱን አየ። ከዚያ ጮኸ። እንዲያ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። ራሱን ከምሰሶው ጋር መታው፤ ጋቢው እዚያ አልነበረም። አባቴ ሮጦ ሲገባ የልጁ ግንባር ደም ነበር፣ የእጁ አንጓ በጥርሱ መሐል።

«ምን ሆነ?»

«ምንም» አልኩት። «ዝም ብሎ ነው።»

አባቴ ሊይዘው ሞከረ፤ መያዝ ደግሞ ይበልጥ አስጮኸው። ጎረቤት ተሰበሰበ። አሊ መሐል ገብቶ «ተዉት፣ ዞር በሉለት፣ ይተወዋል» ቢልም የሰማው የለም። አባቴ ገመዱን ከአህያው አንገት ፈታ። መስከረም ላይ «ይኼ ለአህያህ ይሁን» የተባለው ገመድ ነበር። ልጁን እጅና እግሩን አስሮ፣ በጋቢ ጠቅልሎ፣ አህያው ላይ ጫነው። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የኮሶዬን መንገድ ይዘው ሄዱ።

ወለተሩፋኤል ስትመለስ እኔ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። አሊ የሆነውን በር ላይ ነግሯት ገባች። መሬቱን አየች። ስንደዶው ከበሩ እስከ ምሰሶው ተበታትኖ ነበር። አላምረው የሰውን ረድፍ ይሁን የራሱን ረድፍ አንድ ቀን እንኳ በትኖ አያውቅም። ይህን እሷ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች።

«ከመጮኹ በፊት ምን ነበር?» አለችኝ።

ድምፅዋ የሌላው ቀን ድምፅዋ ነበር፤ ከዚያ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

«ምንም አልነበረም፣ እትዬ።»

ሰፌዱን ከግድግዳው አወረደች፣ ወስፌዋን ከመቀነቷ አወጣች። ቀለም ከተነከሩት አለላዎች መሐል ከአንድ ወር ተኩል በላይ ያልነካችውን ወይን ጠጅ መዝዛ ሰፋች። አንዲት ወይን ጠጅ፣ ብቻዋን፣ ከሰፌዱ ጠርዝ ላይ። የተበተነውን ስንደዶ ልጠርግ ብዬ መጥረጊያ ሳነሳ «አትንካው» አለችኝ። «ሲመጣ ራሱ ይለቅመዋል።»

ያን ሌሊትና የማግስቱን ሌሊት ከምሰሶው ሥር ተቀምጣ አነጋች። ኩራዙን ማብራት እችል ነበር። አላበራሁም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ደባርቅ በሚወጣ የጭነት ማኪና ተሳፈርን። ማኪና ትፈራለች፤ እስከ ኮሶዬ ድረስ ክንዴን ጨብጣ ዓይኗን አልገለጠችም። ጠበሉ ከአፋፉ በታች ነው፤ ቁልቁለቱን ወርደን ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አላምረው ከአንድ የወይራ ግንድ ጋር በእግሩ ታስሯል። ያን ጠዋት ጠበል ገብቶ እርጥብ ልብሱ ከላዩ ላይ አልወረደም። የጥር ብርድ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። መጮኹን ትቶ እንደ ሕፃን ግልገል ያለ ድምፅ ያሰማ ነበር።

እርጥቡን ሸሚዝ አውልቃ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

«ጠበል አይጠረግም» አለች አንዲት ታማሚ ሴት።

«አልጠረግኩትም። ልብሱን ነው የለወጥኩት።»

አባቴ እሳት ዳር ተቀምጦ መሬት ይጭራል። «አልለቀቀውም፣ እታለሜ። አጥማቂው አባ ሲጠይቁት እሱ መልሶ እሳቸውን ይጠይቃቸዋል። ልቀቀው ሲሉት ልቀቀው ይላቸዋል። እንዲህ የሚደፍር አጋንንት አይተው አያውቁም።»

ወለተሩፋኤል ልጁ አጠገብ፣ ከጎኑ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ተቀመጠች። እኔ ተኛሁ። እሷ እንደ ተቀመጠች ነጋባት።

ጎህ ሲቀድ አባ ሐብተ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ብርዱ ጉልበታቸውን ይዞት ያነክሳሉ። ጠበልተኛው በረድፍ ቆመ። አባ ልጁን በሐዘን አዩትና እንደ ልማዱ ጠየቁ፤

«ማን ነህ አንተ?»

«ማን ነህ አንተ?» አለ አላምረው።

«ስምህን ተናገር!»

«ስምህን ተናገር!»

ረድፉ ውስጥ ያሉት አማተቡ። አንዱ «ይኸው፣ ያዛቸዋል» አለ። ጠበሉን የሚቀዳው ሰው ቅሉን ሞላ። አላምረው ቅሉን ሲያይ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ወለተሩፋኤል ከጉያዋ አንድ እፍኝ ስንደዶ አወጣች። አንዱን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች። ሁለተኛውን ከጎኑ አስቀመጠች። ቅሉን የሞላው ሰው አባን አየ፤ አባ እጃቸውን ከፍ አድርገው አቆዩት። ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀስ ነበር። ብዙ ቆየ። ከዚያ የልጁ እጅ ከነጠላው ውስጥ ወጣ። ሦስተኛውን ስንደዶ አስተካክሎ አስቀመጠ። የአንዱን ቦታ ዘለለና አራተኛውን አስቀመጠ። እሷ ክፍቱ ላይ አንድ አስገባች።

«አባ» አለች ቀና ሳትል፣ «ያሉትን ነው የሚመልስልዎ። ያልሰጡትን ከየት ያመጣዋል? እስቲ ይባርኩት።»

አባ ሐብተ ማርያም መስቀሉን ዝቅ አድርገው፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ «እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ልጄ» አሉ።

«እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ልጄ» አላቸው አላምረው።

ያች «ጠበል አይጠረግም» ያለችው ሴት ሳቋ አመለጣት። «አባን ባረካቸው» አለች።

አባም ፈገግ አሉ። «አርባ ዓመት ስባርክ የባረከኝ እሱ ብቻ ነው» አሉ። «ፍቱት። ጠበሉን ወደ ቤቱ ይዛችሁለት ሂዱ፤ ሞቅ አድርጋችሁ አጠጡት።»

አባቴ ግን አልረካም። ወይራው ሥር ቆሞ ገመዱን ይዟል። «ጋኔን ካልሆነ ምንድን ነው ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አያ ዳኛው? አላምረው ነው።»

«ቅዳሜ ያየሁትስ? እንዲያ ረግቶ ሳለ በምን ተነሳበት?» ወደ እኔ ዞረ። «የሻው፣ አንተ ነበርክ። ምን አይተሃል?»

ሁሉም አየኝ። አባ ሐብተ ማርያምም አዩኝ። መናገር የሚገባኝ ቦታ ቢኖር ያ ነበር፤ መስቀል ፊት፣ ጠበል ዳር፣ የታሰረው ወንድሜ እግር ሥር። አፌን ከፈትኩ።

«የልጁ እግር አብጧል» አለች ወለተሩፋኤል። ተጎንብሳ ቋጠሮውን በጥርሷ ትፈታ ነበር። «ገመዱን አላላልኝ እንጂ፣ አያ ዳኛው። የሱን ወሬ ኋላ ታወራለህ።»

አባቴ ገመዱን አላላ። እኔም «አላየሁም» አልኩ፤ ያንን የሰማ ሰው መኖሩን እንኳ አላውቅም። እንዳልናገር አዳነችኝ? ወይስ የእግሩ እብጠት ብቻ ነበር የታያት? ብዙ ሌሊት ያነቃኝ ይህ ነው።

ከመለያየታችን በፊት ለአባቴ ቃል ሰጠችው። «ዳግመኛ እንደ ቅዳሜው ከጮኸ እኔው ራሴ አመጣዋለሁ። ገመዱንም እኔ እይዘዋለሁ።» ስለ ታየች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩና፣ ያ ቃል ምን እንዳስከፈላት የገባኝም እኔ ብቻ ነኝ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ጎንደር ገባን። አላምረው ከቅዳሜ ጀምሮ፣ እሷም ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። በሩን ስትከፍት ስንደዶው እንደ በተንኩት ነበር። አላምረው ደፉ ላይ ቆመ። አሁን ቢጮኽ፣ ቃሏን ሰጥታለች።

«ከጎኑ ቁጭ በል» አለችኝ፤ እሷ ምሰሶውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ወስፌዋን ያዘች።

አላምረው አልጮኸም። ተንበረከከና መልቀም ጀመረ፤ ረጅሙን በረጅም፣ አጭሩን በአጭር። ከጎኑ ተቀመጥኩ። አንድ ስንደዶ አንስቼ ከረድፉ ጫፍ አስቀመጥኩ። አነሳና ከበሩ ጀርባ ወረወረው። ሌላ አስቀመጥኩ። ያንንም ወረወረው። እጄን ሰበሰብኩ። እሷን ሰባት ቀን አስጠብቋታል፤ እኔን ከዚያ የበለጠ ቢያስጠብቀኝ ተገቢ ነው።

ደጅ የአህያ ኮቴ ተሰማ፤ የአስፈጪዎች ድምፅ በዛ። አሊ መመለሳችንን አላወቀም፤ ስለዚህ ግድግዳውን የሚመታበት ምክንያት አልነበረውም። የሞተሩን እጀታ ሊያዞር ሲታገል በግድግዳው በኩል ሰማሁት። ወለተሩፋኤል እስክትናገር ጠበቅኩ። አልተናገረችም።

«ወፍጮው ሊነሳ ነው» አልኩ። ከዚያ በፊት ለወንድሜ ተናግሬው አላውቅም። የራሴን ጆሮ በእጄ ያዝኩ።

«ወፍጮው ሊነሳ ነው» አለ አላምረው፤ ጆሮውን ያዘ።

ሞተሩ ተነሳ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ልጁ ዓይኑን ከረድፉ ሳያነሳ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ፤ አልጮኸም።

እንዳልጮኸ ልነግራት ዞርኩ። ያን ጊዜ የቅዳሜውንም ሁሉ እነግራት ነበር ብዬ አስባለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ራሷ ምሰሶው ላይ ዘንበል ብሏል። ወስፌው ከጣቶቿ መሐል ነው። ወይን ጠጁ ስፌት በአውራ ጣቷ ሥር ነበር፤ የዚያን ቀን ቀለም ገና አልመረጠችም። የአሊ ወፍጮ ከሰዓት በኋላ የሚነሳበትን ሰዓት ስለማውቅ አልተሳሳትኩም፤ ወለተሩፋኤል እንቅልፍ የወሰዳት ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነበር።